ገና ያልተሳካ ስብሰባ

የአገሩን ስም አልጽፍም። ብጽፈው መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፤ መንገዱን ካወቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከሄዳችሁ ደግሞ ድንበሩ ላይ ቅጽ ያስሞሏችኋል። ቅጹ «ቆይታዎ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን ሳይመልሱ መግባት የለም። ስለ አገሩ ይህን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል።

በዚያ አገር የማንም ያልሆነ አንድ ነገር አለ፤ ውሃ መሳቢያው። ከእንጨት፣ ከቱቦና ከገመድ የተሠራ፣ ውሃ ከወንዝ ስቦ ወደ ማሳ የሚያወጣ ነገር ነው። ንድፉን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የፈለገ ሰው ገልብጦ ይሠራዋል፤ የፈለገ ያሻሽለዋል፤ ያሻሻለ ግን ያሻሻለውን ለሁሉም ማሳየት አለበት። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው። አንዱ መዘውሩን አቀለለ፣ ሌላው ቱቦውን አረዘመ፣ አንዲት ሴት ገመዱን በሰም መቀባት አመጣች፤ በዚህ መልኩ አገር ሙሉ የሚጠጣበት መሣሪያ ሆነ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእሱ ምክንያት ነው። አራት ዓመት ሙሉ የውሃ ፍሰት ስሌት ተማርኩ፤ ተመርቄ ስወጣ የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል ተባልኩና ሰሌዳ ቤት ተመደብኩ።

ሰሌዳው በዋናው ከተማ አደባባይ ላይ የቆመ ሰፊ ጣውላ ነው። ማሻሻያ የሚታየው፣ የተሰበረው የሚጠገነው በስብሰባ ስለሆነ፣ በየአውራጃው የሚደረገው የመሳቢያ ስብሰባ ስፍር ቁጥር የለውም። ሰሌዳው ላይ ያለው ሚስማር ግን ሰባት ነው። ሰባት የሆነው አናጢው ሰሌዳውን በሠራበት ቀን በአፉ የያዘው ሚስማር ሰባት ስለነበረ ነው። ስምንተኛ ይጨመር የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይቀርባል፤ በየዓመቱም ለጥናት ይመራል። የሕዝብ ጋሪዎች የሚነሡት ከሰሌዳው ሥር ነው፤ የሚሄዱትም ሚስማር ላይ ወደተሰቀለው ስብሰባ ብቻ ነው። እና ስብሰባህ ሚስማር ካላገኘ ሰው አይመጣልህም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት እየሮጥኩ ነው። አገሩን ሁሉ የማገናኝ መስሎኝ ነበር።

ሊቀ ሰሌዳ ደምረው፣ የቤቱ አለቃ፣ ረጅም፣ ንጹሕ ልብስ የለበሱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ኅሪት ማለት አንቺ ነሽ? ሥራሽ አራሚነት ነው። ቅጽ ላይም ሆነ ሰሌዳ ላይ ስህተት ካየሽ ታርሚያለሽ። እኔ እመርጣለሁ። አንለይ ስሙን ጣውላ ላይ ይቀባል። ከዚያ ይሰቀላል።»

«በምን እንመርጣለን?»

«በስኬት። የተሳካ ስብሰባ እንሰቅላለን፤ ያልተሳካ አንሰቅልም።»

«ካለፉት መካከል ማለት ነው?»

«ያለፈውን ሰቅለን ምን እናደርገዋለን? ገና ከሚካሄዱት ነዋ!»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ሳቄ እስኪያልቅ ጠበቁና አንድ ክምር ቅጽ ሰጡኝ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ስብሰባው ሊካሄድ አርባ ቀን ሲቀረው ቅጽ ይገባል፤ ከቅጹ ጋር የፍጻሜ ሪፖርት ይያያዛል። ሪፖርቱ ስንት ሰው እንደተገኘ፣ ምሳው እንዴት እንደነበረ፣ አየሩ፣ የተገኘው ውጤት፣ መዝጊያው ላይ ለስንት ደቂቃ እንደተጨበጨበ ይገልጻል። ሊቀ ሰሌዳ ሪፖርቱን ያነባሉ፤ ካረካቸው ስብሰባው ተሳክቷል ይባልና ማኅተም ይመታበታል። ከስድስት ደቂቃ በታች የተጨበጨበለት ስብሰባ ተሰቅሎ አያውቅም።

ይህ ለምን እንደመጣ የነገረኝ ቀለም ቀቢው ጋሽ አንለይ ነው። ጋሽ አንለይ ሃያ ሁለት ዓመት ጣውላ የቀባ፣ ጥፍሩ ሥር ሰባት ዓይነት ቀለም ያለበት ሽማግሌ ነው።

«ድሮ ዝም ብሎ ይሰቀል ነበር» አለኝ ብሩሹን እየጨመቀ። «አንድ ጊዜ የሰቀሉት ስብሰባ ላይ ዝናብ መጣ። ሰው በሰበሰ። እንጀራው ሳይቀር ራሰ። እሳቸው ያኔ ወጣት ናቸው፤ መሃል ሜዳ ቆመው አራት መቶ ሰው ጮኸባቸው። ከተማ ተመልሰው ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ቀን ሕጉን ይዘው መጡ።»

«እና ከዚያ ወዲህ?»

«ከዚያ ወዲህ አንድም ስብሰባ ላይ ዘንቦ አያውቅም።»

ሪፖርት መጻፍ በአገሩ ትልቅ ሙያ ሆኗል። ሪፖርት ጸሐፊዎች የራሳቸው ሰፈር አላቸው። ከእነሱ አንዱ የጻፈውን ሊቀ ሰሌዳ ጮክ ብለው ሲያነቡልኝ ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ «አዛውንቱ ተሳታፊ የመጀመሪያው ውሃ ሲወጣ ባዩ ጊዜ ባርኔጣቸውን አውልቀው…» እዚህ ላይ መቀጠል አቃታቸው። አዛውንቱ ገና ባርኔጣ አልገዙ ይሆናል። ቢሆንም ሪፖርቱ ጥሩ ነበር። አንድ ነጥብ ጎድሎት አገኘሁና አረምኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቅጽ እጄ ገባ። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እንዲህ ይላል፦

«የስብሰባው ስም፦ መሳቢያችን ተሰብሯልና ኑ።
ስንት ሰው ተገኘ? እኔ እንጃ፤ ገና አልመጡም።
ምሳው እንዴት ነበር? ጥቂት ከሆኑ ይበቃል፤ ብዙ ከሆኑ አይበቃም።
አየሩስ? የዚያን ቀን ይታያል።
ምን ውጤት ተገኘ? ከመጡ ውሃ እናገኛለን፤ ካልመጡ አናገኝም።
ጭብጨባው? ለምኑ?»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሰሌዳ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እውነት የተጻፈበት ቅጽ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው! ከሥሩ ደግሞ የአንዲት ሴት ስምና ንድፍ አለ። የመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ምላስ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይኖራል፤ ውሃው ሲወጣ ይከፈታል፣ ሊመለስ ሲል ይዘጋል። የሁሉም ሰው ምላስ አንድ ነጠላ ቆዳ ነው። የዚህች ሴት ግን ሁለት ድርብ ቆዳ ሆኖ በመካከሉ ቀጭን ቀርከሃ ገብቶበታል። ወረቀት ሳብኩና አሰላሁት። በአንድ ስበት ሲሶ ያህል ተጨማሪ ውሃ ያወጣል። ስሌቱን ደገምኩት፤ ያው ሲሶ። አራት ዓመት ተምረን ማናችንም ያላሰብነውን ነው የሠራችው!

ቅጹን ይዤ ስወጣ የቅጹ ባለቤት በር ላይ ቆመዋል። ወይዘሮ ዘቢደር ይባላሉ፤ ከወንዙ ታችኛው መታጠፊያ ነው የመጡት። አጭር፣ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ በእጃቸው ጭረት የበዛበት ዱላ ይዘዋል።

«ሦስተኛዬ ነው» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ምን ጎደለ ልትሉኝ ነው?»

«ምንም አልጎደለም እትዬ። ይህ ዱላ ምንድን ነው?»

«ወንዙ ነው። በቀን አንድ ጣት ይወርዳል፤ እኔም አንድ እጭራለሁ። ይህችኛዋ የመጨረሻዋ ጭረት የቱቦው አፍ ናት። ውሃው ከእሷ በታች ከወረደ ቱቦው አየር ይስባል።»

ቆጠርኩ። እስከ እሷ ሠላሳ አንድ ጭረት፣ ማለትም ሠላሳ አንድ ቀን ቀርቷል።

«ቱቦውን ሁለት ክንድ ዝቅ ማድረግ አለብን» አሉ። «ምላሱም ተሰንጥቋል፤ አዲሱን መግጠም አለብን። ቱቦው ግንድ ነው፤ ስልሳ ሰው ገመድ ካልያዘ አይነቃነቅም። በዘጠኙ መንደር ያለውን ጎልማሳ ሁሉ ብትሰበስቢው አርባ አይሞላም፤ የቀረው ጨው ሊሠራ ወርዷል። ዘጠኝ መንደር የሚጠጣው ከዚህ አንድ መሳቢያ ነው ልጄ። ሚስማር ከሰጣችሁኝ ሰው ይመጣል። ካልሰጣችሁኝ እንነቀላለን።»

እጃቸውን ይዤ በቀጥታ ሊቀ ሰሌዳ ዘንድ ገባሁ። ቅጹን ቀስ ብለው አነበቡት። ንድፉን አላዩትም፤ ንድፍ ማየት የሥራቸው ድርሻ አይደለም።

«ጥሩ ሴት ይመስላሉ» አሉ። «ግን ይህ ስብሰባ ገና አልተሳካም።»

«ገና አልተካሄደማ!» አልኩ።

«ታዲያ የትኛው ተካሂዷል? ሌሎቹ ግን ተሳክተዋል።»

«ጌታው» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር፣ «ሰው ይምጣልኝ እንጂ ካልተሳካ እኔን ይስደቡኝ።»

«ሰው መጥቶ ምሳ ቢያንሰውስ? ቢጣላስ? ቢዘንብስ?»

«እርስዎ ዝናብ ይፈራሉ እንዴ? እኛ እኮ በዓይናችን ብናየው እልል እንላለን።»

ሊቀ ሰሌዳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ደግሞም አርባ ቀን መቅደም አለበት። እርስዎ ያለዎት ሠላሳ አንድ ነው። ሕግ ነው፤ ይቅርታ።» ይቅርታውን ከልባቸው ነው ያሉት። እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ስንወጣ «ሪፖርቱን እኔ ልጻፍልዎት፤ ቀኑን እናስተካክል፤ አምስት መቶ ሰው መጣ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ተጨበጨበ…» አልኳቸው።

«እኔ ልፈርምበት? ኧረ ተይኝ! ያልሆነውን ሆነ ብዬ ፈርሜ መንደሬ እንዴት እገባለሁ?» ብለው ሰሌዳው ሥር ቁጭ አሉ። «እዚሁ ነኝ። እናንተ አስቡ፤ እኔ እጭራለሁ።»

በማግስቱ አንደኛው ሚስማር ላይ ወደተሰቀለው ወደ ምዕራብ ሜዳ ታላቅ የመሳቢያ ቀን የሚሄዱት ጋሪዎች ተነሡ። አራሚ ነኝ ብዬ ተሳፈርኩ። የተሳካ ስብሰባ ምን እንደሚመስል ማየት አለብኝ፤ አለዚያ በምን እከራከራለሁ? ጋሪዎቹ ጢም ብለው ሞልተዋል። መጋዝ የያዘ፣ መዶሻ የያዘ፣ ሰም ያቀለጠ፣ ገመድ የጠመጠመ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ መዘውር የሚከራከር ሰው! ደስታዬን አልቻልኩትም። እኔም ገብቼ ተከራከርኩ፤ አሸነፍኩም።

ሁለት ቀን ተጉዘን ደረስን። ሜዳ ነው። ሣርና ነፋስ። መሳቢያ የለም፤ ወንዝም የለም። ሜዳው መሃል አንድ እንጨት ተተክሏል፤ እንጨቱ ላይ ሳጥን፤ ሳጥኑ ውስጥ ሪፖርቱ።

ሰው ሁሉ ከጋሪ ወርዶ ተሰለፈ። ተራው የደረሰ ሪፖርቱን ያነብና ራሱን ይነቀንቃል፤ ከሥሩ ይፈርማል፤ ከዚያ ከቤቱ ያመጣውን ስንቅ ፈትቶ ይበላል።

«ስብሰባው የታለ?» አልኩት መጋዝ የያዘውን ሰውዬ።

«አላነበብሽም እንዴ? በጣም ጥሩ ነበር። ከአምናው ይበልጣል።»

«እዚህ ማንም የለም እኮ!»

ዝቅ ባለ ድምፅ «ተይ፣ አትጩሂ» አለኝ። «ሪፖርቱ ላይ ሦስት መቶ ሰው ተገኘ ይላል። ሦስት መቶ ሰው ያየውን እኔ ብቻ አላየሁም ልበል? ስምሽን ጻፊና ብዪ።»

በየስብሰባው እንዲሁ ነው። ሪፖርቱ ካማረ ስብሰባውን ማካሄድ ምን ያደርጋል? ያበላሸዋል እንጂ። ቀስ በቀስ ማካሄዱ ቀረ። በዚህም የተነሣ በአገሩ ያለው ምርጥ ጠጋኝ ሁሉ በየጊዜው መሣሪያውን ይዞ ወደ ባዶ ሜዳ እየተጓዘ፣ ፈርሞ ይመለሳል።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። መልስ ጉዞው ላይ ግን፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ጋሪው ላይ ብድግ አልኩ። ነጂው «ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። እንዴት ልቀመጥ! ሰዎቹ አሉ። መሣሪያው አለ። ጋሪው አለ። የጎደለው ቦታ ብቻ ነው!

ከተማ እንደገባሁ ወደ ሰሌዳው ሮጥኩ። ወይዘሮ ዘቢደር እዚያው ናቸው፤ ዱላው ላይ ሃያ ስድስት ጭረት ቀርቷል። ቀና ብዬ ሰባቱን ጣውላዎች አነበብኩ። አራተኛው ሚስማር ላይ የሰባት ሾላ ጉባኤ ይላል። ቀኑ ከዚያ ዕለት በአሥራ ስምንተኛው ቀን። ቦታው ወንዝ ዳር፣ ከሰባት ሾላ ዛፎች ሥር። የአገሩን ካርታዎች ሁሉ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁ። ወንዝ ዳር ሰባት ሾላ የቆመበት ቦታ የትም የለም። ሪፖርት ጸሐፊው ዛፍ ይወድ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

«እትዬ፣ እናንተ ጋ ሾላ አለ?»

«የለም። አንድ ግራር ነው ያለን፤ እሱም ግማሹ ደርቋል።»

«ይበቃል።»

ጋሽ አንለይ ነገሩን ሰምቶ ብሩሹን አስቀመጠ። «ይህ ማጭበርበር አይሆንብንም ልጄ?»

«ጋሼ፣ ጣውላው ላይ የተጻፈው ቦታ በአገሩ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«የሌለ ቦታ ስህተት ነው አይደለም?»

«ስህተትማ ነው።»

«የእኔ ሥራ ምንድን ነው?»

«ማረም።» ትንሽ አሰበ። «እርማት ደግሞ ማኅተም አይፈልግም።»

«አይፈልግም!»

ወይዘሮ ዘቢደር ጣልቃ ገቡ፤ «የእኔ ፊርማ አለበት?»

«የለበትም። ሪፖርቱም የእርስዎ አይደለም። ቦታው ብቻ ነው የእርስዎ።»

«ቦታውስ የእኔ ነው» አሉ፤ ዱላቸውን አነሡ። «እንግዲህ ልሂድ፤ ገመድ አስገምዳለሁ።»

ጋሽ አንለይ ቦታውን አጥፍቶ «ታችኛው መታጠፊያ፣ ከግራሩ ሥር» ብሎ ቀባ። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። «ሃያ ሁለት ዓመት ስቀባ አንዱንም ስብሰባ በዓይኔ አላየሁም» አለ። «በዚህኛው እኔም እሄዳለሁ።»

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ግራሩ ሥር ቆሜያለሁ። ስምንት ጭረት ቀርቷል። ወንዙ ቀጥኖ ድንጋዮቹ ታይተዋል፤ የዘጠኙ መንደር ሰው ገመዱን አንጥፎ መንገዱን ያያል። እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ባይመጡስ? ነጂዎቹ እርማቱን ባያነቡስ? ከዚያ አቧራ ታየ። አንድ ጋሪ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ጋሪ!

ሰዎቹ ወረዱና ሳጥኑን በዓይናቸው ፈለጉ። በሳጥኑ ምትክ እኛን አዩን። ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ያ መጋዝ የያዘው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይቅርታ አድርጉልን» አለ። «ሰው ያለ አልመሰለንም።»

ወይዘሮ ዘቢደር ወደ እሱ ሄዱ። «ምን ይዘሃል?»

«መጋዝ።»

«እስከ ዛሬ ምን ቆርጠህበታል?»

ሰውዬው አፈረ። «ዳቦ።»

«በል ና፤ ዛሬ እንጨት ትቆርጥበታለህ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መጻፍ አልችልም፤ ሥርዓት አልነበረውማ። አዲሱ ምላስ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ «ቀርከሃው ይሰበራል» አለ፤ ሌላው «አንተ ምን ታውቃለህ፣ አንተ የምታውቀው ፊርማ ነው!» ብሎ ዘለፈው፤ ሦስተኛው ቀርከሃውን አገላብጦ አየና ማሰሪያው በሰም ቢነከር ውሃ አያስገባም አለ፤ ወዲያው ነከሩት። እኔ ስሌቴን መሬት ላይ ጻፍኩ። አንዲት ሴት ስሌቴን ረግጣ መጣችና «እዚህ ጋ ተሳስተሻል፣ ሲሶ አይደለም፣ ከዚያም ይበልጣል» አለችኝ። አየሁት። ልክ ናት! ሰው ሲያርመኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምሳ አነሰ። ሁለት ሰዎች በአንድ መዶሻ ተጣልተው አንዱ አኩርፎ ጋሪ ላይ ወጣ፤ ቱቦው ሲነሣ ግን ማየት ስላማረው ወረደ።

ከሰዓት በኋላ፣ ግንዱ ተነሥቶ በገመድ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ አሥራ ሁለተኛ ጋሪ መጣ። ሊቀ ሰሌዳ ናቸው። ሪፖርት ጸሐፊው የጻፈው ስብሰባ ቦታ እንዳገኘ ሰምቶ፣ ደንግጦ ሄዶ ነግሯቸው ኖሯል። ሪፖርቱን በእጃቸው ይዘው፣ ንጹሕ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ዳር ቆሙ።

«ሰባቱ ሾላ የታሉ?» አሉ። «አምስት መቶ ሰው ይላል፤ ይህ ሁለት መቶ አይሞላም። ጭቅጭቅ አለ። ኅሪት! ሪፖርቱ ላይ ጭቅጭቅ አለ?»

«የለም ጌታዬ!» አልኩ፤ በሁለት እጄ ገመድ ይዤ ወደ ኋላ ተንጋልዬ ነበር።

ያኔ ግንዱ ተንሸራተተ። በግራ በኩል ያለው ገመድ ላላ፤ ሰው ጮኸ። ቱቦው ወርዶ ድንጋዩን ቢመታ መሰንጠቁ ነው፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ በስምንት ቀን ሌላ ግንድ አይገኝም። ወይዘሮ ዘቢደር ዘወር አሉና በቅርብ ያገኙትን ሰው በክንዱ ያዙት። ሊቀ ሰሌዳን።

«ያዙ ጌታው!»

«እኔ እኮ የመጣሁት…»

«ያዙ እንጂ!»

ያዙ። ሪፖርቱ ጭቃው ላይ ወደቀ። ገመዱ ጎተታቸውና በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ግን አልለቀቁም። ፊታቸው ቀላ፤ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጋሽ አንለይ ከኋላቸው ገብቶ ያዘ። ግንዱ ቆመ። ከዚያ ጣት በጣት፣ ክንድ በክንድ ወረደ፤ ቦታው ላይ ሲገባ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲነቃነቅ ተሰማኝ።

መዘውሩን አሽከረከሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ አየር ብቻ። በአራተኛው ቱቦው ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ። በአምስተኛው ውሃው ወጣ! እንደ ወትሮው በቀጭኑ እየፈሰሰ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ፣ ወፍራም ሆኖ፣ ቦዩን ሞልቶ፣ አልፎን ወደ ማሳው ሄደ። የድርብ ምላሱ ውሃ ነው!

ማንም አላጨበጨበም። ግንዱ በካስማ እስኪታሰር ድረስ የሁሉም እጅ ገመድ ላይ ነበር። ከታሰረ በኋላም የሁሉም መዳፍ ተልጦ ነበር፤ ማጨብጨብ የሚችል አልነበረም። ሰው ዝም ብሎ ውሃውን ያይ ነበር።

ሊቀ ሰሌዳ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ወይዘሮ ዘቢደር ውሃ በቅል አመጡላቸው። መዳፋቸው ስለማይጨብጥ ቅሉን በሁለት ክንዳቸው ይዘው ጠጡ።

«ሪፖርቱ ላይ ጭቃ የለም» አሉ።

«ይጨመርበታ ጌታው።»

ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ ወደ ውሃው እያዩ «ያ ዝናብ የመታን ቀን…» አሉ። «መሳቢያው እኮ ተጠግኖ ነበር። ዝናቡ ውስጥ ቆመን ጠገንነው። ውሃ ወጥቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ስለ ምሳው ነው የጠየቁኝ» አሉ።

ይህ ብዙ ነገር የለወጠ እንዳይመስላችሁ። በሦስተኛው ቀን የሰባት ሾላ ጉባኤ ከሪፖርቱ ጋር ስላልተስማማ አልተሳካም ተብሎ ጣውላው ከሚስማሩ ወረደ። እኔም ያለ ፈቃድ ትክክለኛ ቦታ በመጻፍ ከአራሚነት ተነሣሁ። ደብዳቤዬ ላይ ማኅተም አልነበረበትም። የሊቀ ሰሌዳ ሁለት እጆች በጨርቅ ተጠቅልለው ስለነበር ማኅተም መጨበጥ አልቻሉም።

ሦስት ሳምንት መጨበጥ አልቻሉም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ደግሞ ቅጽ ጎረፈ። ከታችኛው መታጠፊያ የተመለሰው ሰው ሁሉ በየመንደሩ ተቀምጦ ጽፏል። ጋሽ አንለይ እንደነገረኝ ስልሳ አራት ቅጽ ነው፤ በስልሳ አራቱም ላይ ስንት ሰው ተገኘ ለሚለው መልሱ ገና አልመጡም የሚል ነው። ጭብጨባው የሚለውን ባዶ ትተውታል። ማኅተም የሚመታ ስለሌለ ጋሽ አንለይ እንደ አመጣጣቸው ቀባቸው፤ ሰባቱን ሰቀለ። ስምንተኛውን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ከኪሱ ሚስማር አወጣና መታው። ለጥናት አልመራውም። ሊቀ ሰሌዳ በመስኮት ያዩት ነበር፤ የተጠቀለለ እጃቸውን አነሡ፤ ጥቂት በአየር ላይ አቆዩትና መልሰው አወረዱት።

ሦስቱ ሳምንት ሳያበቃ ስምንቱ ጭረት አለቀ፤ እኔ ያን ጊዜ ታችኛው መታጠፊያ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ከወይዘሮ ዘቢደር ጋር ወንዙ ውስጥ ገብተን ዱላውን አቆምነው። ውሃው ከመጨረሻዋ ጭረት አንድ ጣት በታች ነው። ከበላያችን መሳቢያው ይስባል፤ ቦዩ ሞልቷል። ወይዘሮ ዘቢደር ዱላውን አገላብጠው አዩት።

«ምን ላድርገው አሁን?» አሉኝ።

«እስከ አዲሱ አፍ ድረስ ይጭሩበት እትዬ። ሁለት ክንድ ወርደናል እኮ!»

«አይ አንቺ! አሁንም ሥራ?» ብለው ሳቁ፤ ግን ቢላዋቸውን አወጡ።

እኔ ግራሩ ሥር ተቀምጬ ቅጽ እሞላለሁ። ምላሱን በሦስት ድርብ መሞከር እፈልጋለሁ፤ ያቺ ስሌቴን የረገጠችው ሴት ትምጣልኝ እንጂ ግማሽ ያህል የሚጨምር ይመስለኛል። የስብሰባውን ስም ጽፌያለሁ። «ስንት ሰው ተገኘ?» የሚለው ላይ ደርሻለሁ። ቀና ስል መንገዱ ላይ አቧራ አለ፤ ጋሪ ነው፤ ማን እንደሆነ ከዚህ አይታይም።

እኔ እንጃ ብዬ ጻፍኩና ልቀበላቸው ሮጥኩ።